ዓርማው ያው፣ ባለቤቱ ሌላ

ባሌ በእናቱ ነፍስ ቢምል እንኳ አንዳንዴ እጠራጠረዋለሁ፤ በመኪናው ስም ከማለ ግን አምነዋለሁ። የመኪናዋን ስም እዚህ አልጠራም፤ ከማንም ፋብሪካ ጋር የምካሰስበት ጉልበት የለኝም። የአውሮፓ ስም ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ያንኑ ዓርማ ግንባሯ ላይ የለጠፈች መኪና ይዞ ከይፋግ እስከ ነፋስ መውጫ ክረምት ከበጋ ሲመላለስ አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለችውም። ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ሌላ ነገር አላማረውም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብሎ ያንኑ ስም የያዘች አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት፤ ያኔ ሰይጣኑ ቤት መቀየሩን ሁለታችንም አላወቅንም።

እኔ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ናት። ሴት ልጅ ኩሽኔታ ስትሸጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ገባ ብሎ ግራ ቀኝ ያይና «ባለቤቱ የሉም?» ይለኛል። «ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ዕቃውን ንገረኝ» እለዋለሁ። አንዳንዱ አፍሮ ይስቃል። አንዳንዱ ወጥቶ ሌላ ሱቅ ይዞር ይዞርና አጥቶ ይመለሳል። ሲመለስ ዋጋ አልጨምርበትም፤ ምላሴን ብቻ እጨምርበታለሁ።

በረንዳዬ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ወሬያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የማን መኪና ጠንካራ ነው። አንዱ ጃፓንን ያነግሣል። ሌላው፣ ድሮ የጣሊያን ጭነት መኪና ጉናን ማርሽ ሳትቀይር ትወጣ ነበር ብሎ ያየውንም ያላየውንም ያወራል። እኔ ዕቃውን በእጄ ስለማገላብጠው የምለው ትንሽ ይለያል። የጃፓኑ ውድ ነው፤ ግን አንዴ ካስገባኸው ትረሳዋለህ። የኮሪያው ደህና ነው፤ መንገዳችን ቶሎ ያስረጀዋል እንጂ። ቻይና መጥፎ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ቻይና እንደ ገዢው ነው፤ ጥሩ ከጠየቅኸው ጥሩ ይሠራል፣ ርካሽ ከጠየቅኸው ርካሽ ይሠራል። ችግሩ ማን ምን ብሎ እንዳዘዘው አለማወቅህ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ለባሌ መኪና ዓይነት ዕቃ ሳዝዘው «እትዬ፣ ያ ስም እኮ ተሽጧል» አለኝ።

«ስም ይሸጣል እንዴ?»

«ዛሬ የማይሸጥ ምን አለ? የእንግሊዞቹ ጂፕ የህንድ ሆኗል። የስዊድኖቹ የቻይና ነው። አንዱ ፈረንሳይ ከጃፓን ጋር ተጋብቷል። የባልሽም ተራው ደርሶ ነው።»

አዲሱ ባለቤት አዲሶቹን መኪኖች አሳምሮ ነው የሚሠራ አለኝ፤ ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ። ለአሮጌዎቹ የሚሆነውን መለዋወጫ ግን ራሱ አይሠራውም፤ ለሌላ ፋብሪካ፣ ያም ለሌላ እየሰጠው ነው። «ካርቶኑ ያው፣ ዓርማው ያው ነው። ውስጡን እያየሽ ግዢ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ፣ የባሌን የመሰለች መኪና ይዞ ገሳይ ከተማ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ሱቄ ገባና የፍሬን ሸራ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረ። ሸራ የሚባለው ፍሬን ሲረገጥ ጎማውን ከውስጥ አንቆ የሚያቆመው ነው። አዲስ ነበር። ግን ፊቱ ጠቁሮ እንደ መስታወት ልሟል፤ በጥፍሬ ብቧጥጠው አንሸራተተኝ። እንደነገረኝ፣ ከጉና ቁልቁለት ሲወርድ የተቃጠለ ጠረኑ ጋቢናውን ሞላው፣ ፍሬኑ ቢረገጥ ቢረገጥ አልይዝ አለ፣ አንድ አቀበት ደርሶለት ነው የተረፈው። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ዓርማው አለ። ባሌም ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ወርዶ ሸራ አስቀይሮ መጥቶ ነበር።

ለምሳ ሲመጣ ያዝኩት።

«ሸራውን ምን ዓይነት ነው ያስገባኸው?»

«ዋናውን ነዋ! ዓርማው አለበት። ካርቶኑን አስቀምጬልሻለሁ፣ ሄደሽ እዪው።»

«ዓርማውን ተወው። ፋብሪካው ተሽጧል እኮ።»

«ቢሸጥስ? ስም የገዛ ሰው ስሙን ሊያበላሽ ነው እንዴ የሚገዛው?»

የሚናቅ መልስ አልነበረም። እኔ ግን «ስሙን የሚጠብቀው ለአዲሶቹ መኪኖች ነው። ያንተን አሮጊት ማን ያስባታል?» አልኩት። የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። «መኪናዬን አሮጊት አትበያት» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ያልሳቅኩት ቅዳሜ እየመጣ ስለነበር ነው። ቅዳሜ ያሳደገችው አክስቱ ተዝካር ነበር፤ ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ያለች መንደር። ደብረ ታቦር ያለውን ዘመድ ሁሉ፣ ሽማግሌውንም አሮጊቱንም፣ በሚኒባሱ ሊያወጣ ቃል ገብቷል። መውጣቱ አያስፈራኝም፤ ሽቅብ ላይ ፍሬን ማን ይፈልገዋል። የሚያስፈራኝ ጠጥተው በልተው፣ መኪናዋ እስከ በሯ ሞልታ፣ ያን የጠጠር ቁልቁለት ሲወርዱ ነው። መንገዱ ባንድ ወገኑ ገደል ነው፤ በሌላው ወገን የገብስ ማሳ የድንጋይ ካብ። ጥሩው ሸራ ሱቄ ቢኖር በጉልበትም ቢሆን አስቀይረው ነበር። አልነበረኝም። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የተላከልኝ ዕቃ የት እንደቆመ እንኳ አይታወቅም ነበር።

«ዕቃው እስኪመጣ አትውጣ» አልኩት። ለመንኩት። እኔ መለመን አይሆንልኝም፤ ግን ለመንኩት።

«ዘመዶቼን ምን ልበላቸው? ሚስቴ የፋብሪካ ወሬ ሰማች ብዬ የአክስቴን ተዝካር ያለ ሰው ላውጣው?»

«ሌላ መኪና ይከራዩ።»

«እኔ እያለሁ?» አለና ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ሌት ተቀን አሰብኩት። ባሌ ከእኔ የባሰ ግትር ነው፤ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሳቸውም የንስሐ አባታችን ናቸው። ስለዚህ ኀሙስ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ሥር ጠበቅኳቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ሳልቀመጥ «አባ፣ ባሌን ይገዝቱልኝ» አልኳቸው።

ደንገጥ አሉ። «ምን አደረገ? መጠጥ ነው? ሴት ነው?»

«ፍሬን ነው።»

ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ስሙ እንዴት እንደተሸጠ፣ ሸራው እንዴት እንደለመ፣ ቅዳሜ ማን ማን እንደሚሳፈር። አዳመጡኝና የዝንብ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ ደብር ስንት አለቃ አይቷል። አለቃ በተሻረ ቁጥር ቅዳሴው ተቀይሮ ያውቃል ወይ? ደብሩ ያው ነው፤ የሚጠራበትም ስም ያው የታቦቱ ስም ነው። ባለቤት ተለወጠ ተብሎ ሰው ይገዘታል?»

«ቅዳሴው አይቀየርም አባ» አልኳቸው። «ጧፉስ?»

ጭራቸው ቆመ። በጾሙ የመጣውን ጧፍ እኔም አልረሳሁት፤ ሰም ነው ተብሎ የተገዛው ሌላ ነገር ሆኖ ቤተ መቅደሱን በጭስ ሞላው፤ ዲያቆናቱ ዜማውን ትተው ሲያስሉ ነበር።

«ያንን ጧፍ የገዛችሁት ከደንበኛችሁ ሱቅ ነበር አባ። ሻጩ አልተለወጠም፣ ስሙም ጧፍ ነበር። የሚሠራው ሰው ነው የተለወጠው።»

«እሱ ጧፍ» አሉ ዓይናቸውን እያሻሹ፣ «እስካሁን ዓይኔን ያመኛል።» ቆይተውም አንገታቸውን አቀኑ። «ግዝት ግን ጨዋታ አይደለም። ከጣሰው ውግዝ ነው፤ እስኪፈታ ከሰው ተለይቶ ነው የሚቆመው። ይህን አውቀሽ ነው የምትለምኚኝ?»

«አውቄ ነው። ከገደል ይሻላል» አልኩ።

በማግስቱ ባሌን አስጠሩት፤ እኔም ነበርኩ። «ያ ፍሬን እስኪለወጥ ድረስ የዚያችን መኪና መሪ እንዳትጨብጥ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ» አሉት። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ሲሳለም ጆሮው ቀልቶ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ከእኔ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው የሄደው። በራችን ላይ ደርሶ ብቻ ዞር አለና «ጎሽ። በቤቴ ጠበቃ ሳላቆም ተፈረደብኝ» አለኝ። ተቀይሞኝ ነበር፤ ይቀየመኝ አልኩ። የተቀየመ ባል በሕይወት ያለ ባል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ወጥቷል። ዘመዶቹን ይቅርታ ሊጠይቅ የሄደ መሰለኝና በደስታ ሱቄን ከፈትኩ። ረፋዱ ላይ አንድ ባለ ባጃጅ አምፖል ሊገዛ መጣ፤ ሳንቲም እየፈለገ «ሚኒባሳችሁ ሞልታ በክምር ድንጋይ ከተማ በኩል ስትወጣ አየኋት» አለኝ።

«የእኛ? ማን እየነዳት?»

«የጋሼ ታናሽ ወንድም። ጋሼ ከጎኑ ነበሩ።»

አምፖሉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባ የገዘቱት መሪ እንዳይጨብጥ ነው። ባሌም መሪ አልጨበጠም። ግዝቱን አክብሮ፣ ቃሉንም አክብሮ፣ ከሹፌሩ ጎን እንደ ጨዋ ተሳፋሪ ተቀምጦ ሄዷል። ወንድሙ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሜዳ ላይ ተወልዶ ሜዳ ላይ የሚያረጅ ሹፌር። ባሌ ያን ቁልቁለት በጨለማ እንኳ በማርሽ ይዞት ሊወርድ ይችላል፤ ያ ልጅ ግን ፍሬኑን ብቻ ነው የሚያውቅ። የሚያውቀውን ሰው ከመሪው አስነሥቼ የማያውቀውን አስቀመጥኩበት ማለት ነው። ያን ሰዓት የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። የወንድሙንም ደወልኩ፤ ያው። ከገሳይ በላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር ንፋስ እንደፈቀደ ነው። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ድንች ሊጭን ወደ ገሳይ ባዶውን የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ ደንበኛዬ ነው፤ «ቀስ አድርገሽ ተቀመጪ እንጂ፣ ማን ሞተብሽ?» አለኝ። «አፍህን ዝጋና ንዳ» አልኩት። ደግነቱ ያውቀኛል፤ ነዳ።

ገሳይ ስንደርስ ምሳ አልፎ ነበር። ወደ መንደሩ የሚወጣው ጠጠር መንገድ ጋ አወረደኝና በእግሬ ጀመርኩት። የጉና ብርድ ፊት ይገርፋል፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከመነሣታቸው በፊት እደርሳለሁ፣ ሽማግሌዎቹን አስወርጄ በእግር አወርዳቸዋለሁ፣ መኪናዋን እዚያው ትተናት እንመጣለን፤ እንዲህ እያልኩ ነው የምወጣው። ድንች በበቅሎ ጭነው የሚወርዱ አንድ ገበሬ አገኘሁ። «እንዴት ዋላችሁ አባቴ፣ ተዝካሩ አልቋል ወይ?» አልኳቸው።

«ተበትኗል እኮ። መኪናይቱም ሰው እየጫነች ነበር፣ ይኸኔ ተነሥታለች።»

መሮጥ ጀመርኩ። በእኔ ዕድሜ፣ በዚያ ዳገት፣ በዚያ አየር ሩጫ አይባልም፤ ግን ሮጥኩ። አንድ ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍኩ ጥሩምባ ሰማሁ። እያቋረጠ የሚነፋ አይደለም፤ አንዴ ተይዞ ያልተለቀቀ ጥሩምባ ነው። ሹፌር ሰውና ከብት ከመንገድ እንዲወጣለት ሌላ ምንም ማድረግ ሲያቅተው እንደዚያ ይነፋዋል። እየቀረበ መጣ። ከዚያ የድንጋይ መናድ ሰማሁ፣ ጥሩምባውም ጸጥ አለ።

«እመብርሃን» አልኩ። ያን ጸጥታ እየሰማሁ ወደ ላይ መሄድ ነበረብኝ። በእጄ መሬት እየያዝኩ ወጣሁ።

መታጠፊያውን ስዞር መኪናዋን አየኋት። በገደሉ በኩል አይደለችም። አፍንጫዋን የገብሱ ማሳ ካብ ውስጥ ሰክታ፣ ጎማዋ እየጨሰ ቆማለች። ሰዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይደማሉ፤ አንድ ሽማግሌ ጎናቸውን ደግፈው ያቃስታሉ። ወንድሙ መንገዱ መሀል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ባሌን አላየሁትም።

«የታል?» አልኩ ወንድሙን ትከሻውን ይዤ። «ወንድምህ የታል?»

«እትዬ» አለ ልጁ፣ «ረገጥኩት፣ ረገጥኩት፣ አልይዝ አለ። ማርሽ ቀንስ ይለኛል፣ ማርሹም አልገባ አለኝ። እሱ እጁን ወደ መሪው ይዘረጋና ይመልሰዋል። እንደገና ይዘረጋና ይመልሰዋል። በኋላ ገደሉ ሲመጣብን...» መጨረስ አቃተው። «እሱ ነው ጠምዝዞ ካቡ ውስጥ የከተታት። እኔማ መሪውንም ለቅቄዋለሁ።»

«ታዲያ የታል?»

በእጁ አሳየኝ። ባሌ ከሁሉም ተለይቶ፣ ማሳው ዳር፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ግንባሩ ላይ ደም አለ፤ ሌላው አካሉ ደህና ነው። ሰዎቹ ወደ እሱ ሊጠጉ ሲሉ እጁን ዘርግቶ እየመለሳቸው እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ። እየጮኽኩ ወደ እሱ ሄድኩ። እየሰደብኩት ይሁን እያመሰገንኩ አላውቅም።

ድምፄን ሲሰማ ዞረና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አትጠጊኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ በትዳራችን ዘመን ባሌ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «መሪ ጨብጫለሁ። ግዝት ጥሻለሁ። አባ እስኪፈቱኝ ውግዝ ነኝ፤ አንቺም እንዳትነኪኝ፣ ይተላለፍብሻል።»

እሱ ለሰው ነፍስ ብሎ ያደረገውን አባ እንደሚፈቱት አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ግን አባ ደብረ ታቦር ናቸው፣ እኛ ጉና ላይ ነን፣ እስከዚያ ድረስ ይህ ሰው ዘመዶቹን ሁሉ አድኖ ብቻውን ብርድ ላይ ሊቆም ነው። ያቆምኩትም እኔ ነኝ።

«ዝም በል» አልኩትና አቀፍኩት። ሊገፋኝ ሞከረ፤ አልለቀቅኩትም። የተቃጠለው ሸራ ጠረን ኮቱ ላይ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ትከሻዬ ላይ።

«ሁለታችንንም አንድ ላይ ይፈቱናል» አልኩት።